ሲያ ኮሊሲ ከዝዊዴ እስከ ስፕሪንግቦክ፦ በመሃል ያሉት ዓመታት የት ገቡ?

ጠያቂ፦ ሞላላዋ ኳስ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ራግቢን መከታተል የጀመርኩት ደቡብ አፍሪካ በ2019 ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ባነሳችበት ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ ጨዋታው የማውቀው ነገር ቢኖር ኳሱ ሞላላ መሆኑን ብቻ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ላሳውቅ።) ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ያሳየው አምበል ሲያ ኮሊሲ ቀልቤን ስለሳበው ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የተጻፈውን ሁሉ ለማንበብ ሞክሬአለሁ። የገጠመኝ ችግር ግን ያነበብኳቸው ጽሑፎች በሙሉ ከአንድ ቦታ ተነስተው ሌላ ቦታ ዘለው የሚያርፉ መሆናቸው ነው። ድሃ ሰፈር ተወለደ፣ በ12 ዓመቱ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘ ይሉንና በሚቀጥለው አንቀጽ በ2018 ስፕሪንግቦክ የሚባለው የብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጥቁር አምበል ሆነ ይሉናል። በመካከሉ 15 ዓመታት አሉ፤ እነሱ የት ገቡ?

በተለይ ሁለት ነገር ግልጽ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ በዚያ አገር አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሜዳ ተነስቶ ደመወዝ ተከፋይ ተጫዋች ለመሆን የሚያልፍባቸው ደረጃዎች የትኞቹ እንደሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በ2013 ለብሔራዊ ቡድኑ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሞ ሳለ ቋሚ ተሰላፊ ለመሆን ዓመታት የፈጀበት ምክንያት ነው። አገሩን በቅርብ የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


መልስ፦ ባለሱቁ (ፖርት ኤልሳቤጥ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ደረጃዎቹና ስለ ጨዋታዎቹ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳዎት ሰው እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ፤ እኔ ግን በዚህች ከተማ ሱቅ ከያዝኩ ዓመታት ስለተቆጠሩ ስለ መነሻው ልበል። ከተማዋ ከ2021 ወዲህ ስሟ ጌቤራ ሆኗል። በስሙ መነሻ ላይ ያለውን፣ ምላስን ከላንቃ በማላቀቅ የሚወጣውን ድምፅ የሚወክል ፊደል ስለሌለን እኔም እንደ ብዙው ሐበሻ በአሮጌው ስም እየጠራሁ እቀጥላለሁ። ዝዊዴ እኛ እዚህ «ሎኬሽን» ከምንላቸው፣ የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን ለይቶ ካሰፈረባቸው መንደሮች አንዷ ናት። ኮሊሲ የተወለደው ሰኔ 16 ቀን 1991 ሲሆን፣ ሰውን ሁሉ በዘር እየለየ የሚመዘግበው ሕግ የተሻረው በማግስቱ ነው። ወላጆቹ ገና ታዳጊዎች ስለነበሩ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። በልጅነቱ ከሁሉ የሚወደው መጫወቻ መኪና ነው እያለ መሬት ላይ የሚገፋት አንዲት ጡብ እንደነበረች ራሱ ተናግሯል።

ከጽሑፎቹ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ራግቢን የነጮች ጨዋታ፣ ኮሊሲን ደግሞ በአጋጣሚ እዚያ የተገኘ ጥቁር ልጅ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ አባባል ለፕሪቶሪያ ወይም ለብሉምፎንቴይን ይሠራ እንደሆነ እንጃ፤ ለምሥራቅ ኬፕ ግን ፈጽሞ አይሠራም። የኮሳ ተናጋሪዎች ራግቢን የተማሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ በ1880ዎቹ እዚሁ ፖርት ኤልሳቤጥ ውስጥ የራሳቸው ክለብ ነበራቸው። በ1970ዎቹ ከዘር ክፍፍል ጋር አንተባበርም ያሉት የኩዋዛኬሌ ራግቢ ማኅበር ሰዎች በዝዊዴ ያሠሩት ስታዲየም ዛሬም በመሪያቸው በዳን ቄቄ ስም ይጠራል። በ1976 ነጮቹ የዋትሰን ወንድማማቾች የመንግሥትን ማስፈራሪያ ችላ ብለው በሎኬሽን ውስጥ ከጥቁሮች ጋር የተጫወቱት ከነዚሁ ሰዎች ጋር ነው። ኮሊሲ ልጅ ሳለ የተጫወተበት «አፍሪካን ቦምበርስ» የተባለው የዝዊዴ ክለብ የቆመው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ጭር ይላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሜዳ ይወርዳልና። አንድ ጊዜ እኔም ዘግቼ ወረድኩ። ሣሩ ከመሃል ጀምሮ አልቆ አሸዋ ሆኗል፤ ከውቅያኖሱ የሚነሳው ነፋስ አሸዋውን እያነሳ የተመልካቹን ዓይን ይሞላል፤ ከመስመሩ ጋር ተጠጋግተው የቆሙ እናቶች ግን ዓይናቸውን እየጠራረጉ ዳኛውን ይገስጻሉ። ከእኔ ፊት ሁለት ሕፃናት ለስላሳ የተጠጣበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ኳስ አቅፈው አንዱ ሌላውን ወገቡ ላይ ይዞ ይጥለዋል፤ የወደቀውም ልጅ ጠርሙሱን ሳይለቅ ወደ ኋላው አዙሮ በሁለት እጁ ያስቀምጣል። ኳስ ይዞ የወደቀ ሰው ማድረግ ያለበት ይህንኑ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ልጆቹ ሰባት ዓመት እንኳ የሚሞላቸው አይመስለኝም።

ወደ ኮሊሲ ልመለስ። ዕድሉን ያገኘው በኤምሴንጌኒ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ያሠለጠነውም ኤሪክ ሶንግዊቂ የተባለ መምህር ነው። በ12 ዓመቱ ሞሰል ቤይ በተደረገ የታዳጊዎች ውድድር ላይ መልማዮች ዓይን ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለክፍለ ሀገር ምርጫ በቀረበበት ቀን የስፖርት ቁምጣ ስላልነበረው በሙታንታ ነበር የተጫወተው። ከዚያም በዚችው ከተማ በሚገኘው ግሬይ በተባለው ትምህርት ቤት ነፃ የትምህርት ዕድል ተሰጠው። ሲገባ ከኮሳ ሌላ ቋንቋ ስለማያውቅ እንግሊዝኛን የለመደው ከክፍል ጓደኞቹ ነው። ከዝዊዴ እስከ ግሬይ በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው፤ የኑሮው ርቀት ግን ሌላ አገር እንደመሄድ ነው። እኔ ሁለቱም ጋ ዕቃ አድርሻለሁ።


መልስ፦ መዝጋቢው (ኬፕታውን)

ከባለሱቁ ቀጥዬ የጠያቂውን ሁለት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመለስ እሞክራለሁ፤ የቀድሞ ጨዋታዎችን ውጤት በደብተር የመያዝ አመል ስላለኝ ነገሩ ደስ የሚያሰኝ የቤት ሥራ ሆኖልኛል።

በደቡብ አፍሪካ የልጆች ራግቢ ዋና ገበያ «ክሬቨን ዊክ» ይባላል። ከ1964 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ፣ በዳኒ ክሬቨን ስም የተሰየመ፣ ክፍላተ ሀገራት ከ18 ዓመት በታች ያሉ ምርጥ ተማሪዎቻቸውን የሚያሰልፉበት የአንድ ሳምንት ውድድር ነው። ገበያ ያልኩት አውቄ ነው፤ የትላልቆቹ ክለቦች ሰዎች በመስመሩ ዳር ተቀምጠው ውል የሚያዘጋጁበት ቦታ ነውና። ኮሊሲ የምሥራቅ ክፍለ ሀገርን ማሊያ ለብሶ ከ16 ዓመት በታች በሆነው ውድድር እንዲሁም በክሬቨን ዊክ ተጫውቷል። ከዚያ በኋላ የትውልድ ከተማውን ለቅቆ በ2010 ወደ ኬፕታውን፣ ወደ ዌስተርን ፕሮቪንስ የወጣት ቡድን መጣ። ለምን እዚያው አልቀረም ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። በዚያን ጊዜ የፖርት ኤልሳቤጥ ቡድን በሱፐር ራግቢ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካ፣ የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ ክለቦች ይገናኙበት በነበረው ከፍተኛ ውድድር ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ሳዘርን ኪንግስ የተባለው የአካባቢው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ2013 ነው። በመሆኑም አካባቢው ለትውልድ ተጫዋች ሲያበቅል የሚያጭደው ሌላ ነበር።

በኬፕታውን የጠበቀውን ሰውም ማስታወስ ያስፈልጋል። በእነዚያ ዓመታት የዌስተርን ፕሮቪንስን የአሠልጣኞች ሥራ በበላይነት ይመራ የነበረው ራሲ ኢራስመስ ነው፤ በ2018 የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆኖ አምበልነቱን የሰጠውም እሱው ነው። ስለዚህ ሹመቱ ከሰማይ የወረደ ለሚመስላችሁ ሁሉ፣ ሿሚው ተሿሚውን ከ18 ዓመቱ ጀምሮ እያየው እንደቆየ ልብ በሉ።

ኮሊሲ በ2010 እና በ2011 ለአገሪቱ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ተሰልፏል። በ2011 በቮዳኮም ዋንጫ ለዌስተርን ፕሮቪንስ ዋና ቡድን የመጀመሪያውን ጨዋታ አደረገ። ይህ ውድድር ተመልካች የማይበዛበት፣ ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች ሱፐር ራግቢ ላይ ሳሉ ወጣቶች የሚፈተኑበት ስለነበር በጋዜጣ አይወራለትም፤ ነገር ግን ልጅ የሚበስለው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብተሬን ሳገላብጥ ያስተዋልኩት፣ በዚህ ልጅ ሕይወት ውስጥ ትልልቅ በሮች ሁሉ የተከፈቱት በሌላ ሰው ጉዳት መሆኑን ነው። በየካቲት 2012 የኬፕታውኑ የሱፐር ራግቢ ቡድን ስቶርመርስ የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ኬፕታውን ላይ ከኒውዚላንዱ ሃሪኬንስ ጋር ሲያደርግ፣ የቡድኑ ምሰሶ የነበረው ፍላንከር ስካልክ በርገር ጉልበቱን ተጎዳ። ኮሊሲ የመጀመሪያ የሱፐር ራግቢ ጨዋታውን በዚያው ቀን በመቀየር አደረገ፤ በርገር ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ስላልተመለሰም ተተኪው ዓመቱን ሙሉ የመሰለፍ ዕድል አገኘ። (ለማያውቁ፦ ፍላንከር ማለት ተገፋፊዎቹ ተቆላልፈው ከሚሠሩት ከስክረሙ ጎን ተለጥፎ የሚቆም፣ ስክረሙ ሲፈታ ቀድሞ ተላቅቆ ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ የሚጥልና ኳሱን ከመሬት የሚነጥቅ ተጫዋች ነው። ሳንባም ትከሻም የሚጠይቅ ቦታ ነው።)

በዓመቱ ሰኔ 15 ቀን 2013 ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት በሚገኘው ምቦምቤላ ስታዲየም ስኮትላንድን ገጠመች። ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ አርኖ ቦታ ተጎድቶ ወጣ፤ ከወንበር የተነሳውም ነገ 22 ዓመት የሚሞላው ኮሊሲ ነበር። ውጤቱ 30 ለ 17 ሲሆን የጨዋታው ምርጥ ተጫዋች ተብሎም ተሸለመ። ሦስተኛውን ጉዳት ደግሞ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጠያቂውን ግራ ያጋባው። መልሱ ያለው በስም ዝርዝሩ ውስጥ ይመስለኛል። በአሠልጣኝ ሄይነከ ሜየር ዘመን በዚያ መስመር ላይ ፍራንሷ ሉው፣ ቪለም አልበርትስ፣ ማርሴል ኩትዚና ከጉዳት የተመለሰው በርገር ነበሩ፤ ከኋላቸው ደግሞ ዱዋን ፈርሚዩለን። እነዚህ በሌላ አገር ቢወለዱ እያንዳንዳቸው ያለተቀናቃኝ የሚሰለፉ ሰዎች ናቸው። ኮሊሲ በ2013 ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሳ ሲጫወት ቆየ፤ በ2015ቱ የዓለም ዋንጫም ጃፓንና ሳሞዋ ላይ በተቀያሪነት ብቻ ገባ፤ የመጀመሪያው ጃፓን 34 ለ 32 ያሸነፈችበትና ዓለምን ያስደነገጠው ጨዋታ ነው። በሰኔ 2016 ኒውላንድስ ላይ ከአየርላንድ ጋር ከመጀመሪያው ደቂቃ ተሰለፈ፤ ያም ቢሆን የጨዋታውን አብዛኛውን ክፍል በ14 ሰው የተጫወተችው አየርላንድ 26 ለ 20 አሸንፋ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በደቡብ አፍሪካ ምድር ድል አደረገች። የወጣበትን ደረጃ የሚያሳይ የድል ፎቶግራፍ ፈልጌ ከነዚህ ዓመታት ላገኝ አልቻልኩም።

ለእኔ ሚዛኑ የዞረው በ2017 ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የስቶርመርስ አምበል ሆነ፤ በሰኔ ወር ፈረንሳይ በመጣች ጊዜ ሦስቱንም ጨዋታዎች ያሸነፈው ቡድን ውስጥ ጎልቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማሊያው የእሱ ሆነ። በግንቦት 2018 ኢራስመስ አምበልነቱን ሲያሳውቅ የቀደመው ዓመት አምበሎች ዋረን ዋይትሊና ኤቤን ኤትዘቤት ሁለቱም ተጎድተው ነበር። ሦስተኛው ጉዳት ያልኳችሁ ይህ ነው።


መልስ፦ ተጠራጣሪው (ጆሃንስበርግ)

የመዝጋቢውን ጽሑፍ በአድናቆት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ሁሉንም በጉዳትና በዕድል መተርጎሙ ለእኔ አልተዋጠልኝም። ሰው ሲጎዳ ከወንበር የሚነሳው አስቀድሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ዋናው ጥያቄ እዚያ ወንበር ላይ ማን ያደርሳል የሚለው ይመስለኛል፤ ለዚህም ከኮሊሲ ጎን አንድ ሌላ ስም አስቀምጬ ማነጻጸር እፈልጋለሁ።

ማካዞሌ ማፒምፒ የተወለደው በዚያው በምሥራቅ ኬፕ፣ ኢስት ለንደን አጠገብ ባለችው ጾሎምንቃ በተባለች የገጠር መንደር ነው። በ1990 ስለተወለደ ኮሊሲን በአንድ ዓመት ይበልጠዋል። በ2019ኙ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ለደቡብ አፍሪካ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ አገሪቱ በ1995 እና በ2007 ዋንጫ የወሰደችው በፍጻሜው አንድም ትራይ ሳታስቆጥር በእርግጫ ነጥብ ብቻ ነበርና። ታዲያ ይህ ሰው ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በሰኔ 2018 ሲሆን፣ 28ኛ ዓመቱን ሊይዝ ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ኮሊሲ በዚያ ዕድሜ ከአምስት ዓመት በላይ የስፕሪንግቦክ ማሊያ ያውቃል። ልዩነቱ ፍጥነት ወይም ችሎታ አይደለም። ማፒምፒ የተማረው ማንም መልማይ በማይረግጠው የገጠር ትምህርት ቤት ስለነበር ከክሬቨን ዊክ ገበያ ሳይደርስ ቀረ፤ በመንደር ክለብ፣ ከዚያም ቦርደር በተባለው የክፍለ ሀገር ቡድን አድርጎ በዝግታ ነው የመጣው። ነፃ የትምህርት ዕድሉ ለኮሊሲ የሰጠው ነገር ራግቢን አይደለም፤ ራግቢውን ባለሱቁ በደንብ እንዳስረዱን ከዝዊዴ ይዞት ሄዷል። የሰጠው ሦስት ጊዜ መመገብን፣ መልማይ የሚያየው ሜዳን እና ቢያንስ አምስት ዓመት ነው።

ስለዚህ እኔ የኮሊሲን የልጅነት ታሪክ ሳነብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም። ያን ቀን ሞሰል ቤይ ላይ በአጠገቡ ተሰልፈው የነበሩ ሌሎች ልጆች ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹ የሚያደርጉት መልካም ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ግን ምርጡን ከሎኬሽን እያወጣ የሚሄድ አሠራር የሎኬሽኑን ሜዳ ሣር አያበቅልለትም። ባለሱቁ ያዩት አሸዋ ምስክሬ ነው።


መልስ፦ ባለሱቁ (ፖርት ኤልሳቤጥ)

በአሸዋው እስማማለሁ። ነገር ግን ለእርስዎ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ሰፈር ያሉ አዛውንቶች ስለ ግሬይ ብዙም አያወሩም፤ ስሙን የሚያነሱት ስለ መምህር ሶንግዊቂ ነው። መልማዩ ሞሰል ቤይ ድረስ ሄዶ ያየው ልጅ እኮ ወደዚያ የሄደው የራሱ መምህር ይዞት ስለሄደ ነው። ጾሎምንቃ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበረም ለማለት አልደፍርም፤ መኪና ግን አልነበረ ይሆናል።


ጠያቂ፦ ሞላላዋ ኳስ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ የማፒምፒን ንጽጽር ካነበብኩ በኋላ የፍጻሜውን ጨዋታ ደግሜ አየሁት። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ ልጨምር። ሁሉም ስለ 6 ቁጥር ማሊያ ይናገራል፤ ማንዴላ በ1995 የለበሱት፣ የአምበሉ የፍራንሷ ፒናር ቁጥር። መዝጋቢው በላኩልኝ የድሮ ምስሎች ላይ ግን ኮሊሲ ለስቶርመርስ ሲጫወት ጀርባው ላይ 7 አያለሁ። ቁጥሩን የለወጠው አምበል ሲሆን ለክብር ነው ወይስ ቦታው ተለውጦ ነው?


መልስ፦ መዝጋቢው (ኬፕታውን)

ጥሩ ዓይን አለዎት። በራግቢ ቁጥር ቦታን ስለሚያመለክት ለክብር ተብሎ አይሰጥም። ሁለት ፍላንከሮች አሉ፤ አንዱ ከስክረሙ ሰፊው ሜዳ ባለበት ጎን፣ ሌላው ጠባቡ መስመር ባለበት ጎን ይቆማል። በአብዛኛው ዓለም በሰፊው በኩል ያለው 7፣ በጠባቡ በኩል ያለው 6 ይለብሳል፤ በደቡብ አፍሪካ ግን ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ የውጭ ጋዜጦች የኮሊሲን ቦታ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ይምታታባቸዋል። በወጣትነቱ በብዛት 7 ሆኖ፣ ማለትም በጠባቡ በኩል፣ ኳስ ተሸክሞ እየገፋ ነበር የሚጫወተው፤ በ2016 ኒውላንድስ ላይም 7 ነበር፣ 6ቱን ሉው ይዞት ነበርና። ወደ 6 የተዛወረው ግን አምበል ከመሆኑ በፊት፣ በ2017 ነው። ሰኔ 9 ቀን 2018 ኤሊስ ፓርክ ላይ በአምበልነት የመራው የመጀመሪያ ጨዋታ በዚህ ቁጥር ነው፤ እንግሊዝ 24 ለ 3 ስትመራ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ የተነሳ ጎረቤቴን ተቀመጥ ብዬው 42 ለ 39 ሲያልቅ እስከ ዛሬ ድረስ ያመሰግነኛል። ጨዋታው ሙሉው ስለሚገኝ ከዓለም ዋንጫው ጥሎ ማለፎች በፊት ይህን ይዩት፤ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ 6 ቁጥሩ ቡድኑን ሰብስቦ ከምሰሶው ሥር ሲያነጋግር ያገኙታል።